ከበሩ ማዶ የተሰማው ጣር

አንድ ሰው በገዛ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ማንኳኳት አቃተው።

ሌባ አይደለም፤ እንግዳም አይደለም። በሩን ያስገጠመው እሱ ነው። ውስጥ ያሉት የወለዱት እናቱና ያገባት ሚስቱ ናቸው። ግን እጁን ያነሣና መልሶ ያወርደዋል። ያነሣና ያወርደዋል። ለምን? ከውስጥ በሚሰማው ድምፅ ነዋ።

ስሙን አልነግራችሁም፤ ሞጆ ነው የሚኖረው ልበላችሁና ይብቃን። ሾፌር ነው። ከባድ መኪና ከነተሳቢው ይዞ በጅቡቲ መስመር ሲወጣና ሲወርድ ዕድሜውን የፈጀ፣ ቤቱን የሚወድ፣ ጸብ የማያውቅ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት በገዛ ቤቱ ሰላይ ሆነ? እስቲ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

እናቱ እማማ አሰገደች ይባላሉ። አዋላጅ ነበሩ። ጤና ጣቢያው ሳይከፈት በፊት የዚያ ሰፈር ልጅ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የተወለደው። አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ እጃቸው ተያዘ፤ ቀኝ እግራቸው ተያዘ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ያ ሁሉ እናት "አይዞሽ" የተባለበት አፍ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው።

ሆስፒታል ሰንብተው ሲወጡ ልጅየው ቤት አስገባቸው፤ ሚስቱን ዘነበችን "አደራሽን" ብሎ ወደ መስመሩ ተመለሰ። ምን ያድርግ? መኪናው ካልተንቀሳቀሰ ቤቱ አይንቀሳቀስም።

ሚሌ ደርሶ ጎማ ቤት ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ጎረቤቱ እትዬ የሺመቤት ናቸው። እትዬ የሺመቤት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ብቻ ቤታቸው ከዚህ ሰው ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። አንድ ግድግዳ የሚጋራ ሰው ደግሞ፣ ቢፈልግም ባይፈልግም፣ ይሰማል።

"ልንገርህ ወይስ ልተው እያልኩ ሰነበትኩ" አሉት። "እናትህ ያጣጥራሉ። ጠዋት ጠዋት። ሚስትህ በሩን ዘግታ፣ መጋረጃውን ስባ፣ ምን እንደምታደርጋቸው እግዜር ይወቅ።"

እግዜር ይወቅ! አያችሁ አነጋገራችንን? "እግዜር ይወቅ" እንላለን እንጂ መች ለእግዜር እንተውለታለን? "እግዜር ይወቅ" ስንል እኮ "እኔ አውቄዋለሁ፣ አንተም ድረስበት" ማለታችን ነው።

ግን እኔ ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ሌላዋን ቃል ነው። ያጣጥራሉ። ይህች ቃል ከጣር የወጣች ናት። በግእዙ ጻዕር ይላል። ጭንቅ፣ ሥቃይ፣ ከሕመም ሁሉ የመረረው ሕመም ማለት ነው። አማርኛችን ጸን ወደ ጠ ማዞር ይወዳል፤ ጸጉርን ጠጉር እንደሚለው ማለት ነው። ጻዕርንም እንዲሁ አደረገው፤ መካከል ላይ ያለችውን ዕን ዋጣትና ጣር አለው። ከዚያ በኋላ እኛ ደግሞ ብቻዋን አልተውናትም። ሞትን አስከተልንባት። ጣረ ሞት አልን። የከሳ፣ መልኩ የጠፋ ሰው ስናይ እንኳ "ጣረ ሞት መሰለ" እንላለን።

እና አንድ ሰው በስልክ "እናትህ ያጣጥራሉ" ሲባል ምን ይሰማል? አልጋ ይታየዋል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ያጣፋች ሴት ትታየዋለች። ሞት ነው የሚሰማው። በዚያ ላይ "ሚስትህ በሩን ዘግታ" ሲጨመርበት? ሞት ብቻ አይሆንም፤ ገዳይም ይኖረዋል።

ሰውየው ወዲያው ለሚስቱ ደወለ። ዘነበች ስልኩን ያነሣችው እያለከለከች ነው። ምን እየሠራሽ ነው አላት። ሥራ ላይ ነኝ፣ ቆይቼ ልደውልልህ አለችው። እናቴን አቅርቢልኝ፣ ድምፄን ትስማ አላት። አሁን ደክሟቸዋል፣ ይረፉ አለችው።

ትናንት ቢሆን ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም። ሚስት ሥራ ላይ ናት፤ ሕመምተኛ ደክሟታል፤ አለቀ። ዛሬ ግን እያንዳንዷ ቃል ጥላ አበጀች። ለምን አለከለከች? ምን ዓይነት ሥራ ነው የሚያስለከልክ? እናቴን ማን አደከማት?

ወገኖቼ፣ ጥርጣሬ አዲስ ነገር አይፈጥርም። ያለውን፣ የረሳነውን፣ አፈር የለበሰውን ነው ቆፍሮ የሚያወጣው። ከሚሌ እስከ አዋሽ ያለውን በረሃ እየነዳ ሰውየው ሲቆፍር ዋለ፤ ቆፍሮም አገኘ። ዘነበች ልጅ አልወለደችም። አንድ የፋሲካ ዕለት እናቱ በንዴት ላይ ሆነው "የሰውን ልጅ ስቀበል ኖሬ የልጄን ልጅ ሳልቀበል ልሙት" ብለዋት ነበር። ዘነበች ያን ጊዜ ሳህኑን አንሥታ ወጣች። በማግሥቱም እንደ ወትሮው "እንዴት አደሩ እማማ" አለቻቸው። ሁሉም ረሳው። ሰውየውም ረስቶት ነበር። አሁን ግን መሪውን ይዞ ለራሱ እንዲህ አለ፦ አልረሳችውም። ይዛው ኖራለች። አፋቸው ሲዘጋላት፣ እጃቸው ሲታሰርላት፣ ቀኗን አገኘች።

ቤቱ ሲደርስ ዘነበች ስቃ ተቀበለችው። ሳቋን ጠረጠረ። እግሩን ታጥቦ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ግራ እጃቸውን ሲስም ብብታቸው ሥር የበለዘ ነገር አየ። ይህ ምንድን ነው አላት። ሲነሡ ስይዛቸው ነው አለችው። ዝም አለ።

ዝም አለ! ይህን ዝምታ ነው የምፈራው። "ለምን ትይዣቸዋለሽ? ወዴት ነው የሚነሡት?" ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጨምር ኖሮ እኔም ዛሬ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር። ግን የሚጠረጥር ሰው አይጠይቅም። ለምን? መልሱን ያወቀ ይመስለዋላ! ጥያቄ ብጠይቃት ትጠነቀቃለች ብሎ ያስባላ!

በማግሥቱ ጠዋት ጋራዥ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። ጥግ ድረስ ሄደና ተመለሰ። አሁን በሩ ላይ ቆሟል። መጋረጃው ተስቧል። ጆሮውን በሩ ላይ አደረገ።

ማቃሰት ነው የሰማው። እንደ ተራ ሕመም ማቃሰት አይደለም። ከሆድ ሥር ተጎትቶ የሚወጣ፣ መሐል ላይ የሚቆረጥ፣ ደግሞ የሚጀምር። ቀጥሎ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማ። ቀጥሎ የሚስቱን ድምፅ ሰማ። የቁጣ ድምፅ ቢሆን ይሻለው ነበር። የቁጣ አልነበረም፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ የማይናወጥ ድምፅ ነበር።

"አልጨረስንም። እንደገና ይነሡ።"

ማንኳኳት ያቃተው ያኔ ነው። ቢያንኳኳ ትደብቀዋለች። በትከሻው ገፍቶ ገባ። እናቱ ሰሌን ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ሻሻቸው ተንሸራቷል፤ ላብ ፊታቸውን አጥቦታል። ዘነበች እጇን አጣምራ ከላያቸው ቆማለች። ሊያነሣቸው ሲሮጥ ክንዱን ያዘችው።

"ተዋቸው" አለችው። "ራሳቸው ይነሣሉ።"

ምዕመናን፣ እስቲ በእውነት ንገሩኝ፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የወለደቻችሁ እናት መሬት ላይ ወድቃ፣ ሚስታችሁ "ተዋት" ብትላችሁ? እኔ በዚህ ሰው ለመፍረድ አልቸኩልም። ያየውን አይቷል። የሰማውን ሰምቷል። አንድም ነገር አልፈጠረም። ሁሉም እውነት ነው፤ የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትርጉሙ።

እናቱን ታቅፎ አልጋ ላይ አስተኛቸው። ዘነበች ልታስረዳው ሞከረች። የሆስፒታሉ ባለሙያ እንዲህ አሠሪያቸው እንዳለቻት፣ እማማም ራሳቸው እንደተስማሙ ነገረችው። ከዚህ በላይ አላስጨረሳትም። "በጆሮዬ ሰማሁ፣ በዓይኔ አየሁ፤ ሌላ ምን ቀረ?" አላት። ወደ ወንድሟ ቤት እንድትሄድ ነገራት።

ያን ጊዜ እማማ አሰገደች ጤነኛ በሆነው በግራ እጃቸው የዘነበችን ቀሚስ ጨበጡ። አልለቅም አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ልጃቸውን ያያሉ፤ ከጉሮሯቸው የማይገባ ድምፅ ይወጣል። ልጅየው ይህንንም ተረጎመው። ፍርሃት ምን እንደሚይዙ እንኳ አሳጥቷቸዋል አለ። እና የእናቱን ጣቶች አንድ በአንድ ከሚስቱ ቀሚስ ላይ አላቀቀ።

ዘነበች አልጮኸችም፤ አልማለችም። ሰሌኑን ጠቅልላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ወጣች። ዝም ማለቷ በደለኛ መሆኗን አረጋገጠለት። ብትጮህስ ኖሮ? "ውሸታም ስለሆነች ነው የምትጮኸው" ይል ነበር። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ብትናገሩም ይበላችኋል፣ ዝም ብትሉም ይበላችኋል።

ከዚያ እናቱን ቢሾፍቱ እኅቱ ፀዳለ ቤት ወሰዳቸው። ፀዳለ ደግ ልጅ ናት። ለስላሳ ፍራሽ አነጠፈችላቸው። ትራስ በግራ፣ ትራስ በቀኝ፣ ትራስ ከኋላ። በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች፤ ውኃ በፈለጉ ጊዜ ከንፈራቸው ድረስ ታመጣላቸዋለች። ጣታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ የሚያስገድዳቸው የለም። ጠያቂው ሁሉ "ተመስገን፣ አሁን ዐረፉ" እያለ ይሄዳል።

እውነትም ማቃሰቱ ቆመ። ፀዳለ በየቀኑ ለወንድሟ ትደውልለታለች። ዛሬም ድምፅ አላሰማችም፤ ዛሬም በሰላም ዋለች። ሰውየው ሚሌም ላይ ሆነ፣ ጋላፊም ላይ ሆነ፣ ይህን ሲሰማ ልቡ ያርፋል። ከዚያች ሴት እጅ አወጣኋቸው ይላል።

ግን ዝም ያለ ሁሉ ዐርፏል ወይ?

ሳምንታት አለፉ። የእማማ አሰገደች ቀኝ እጅ እንደ ቡጢ ተጨብጦ አልከፈት አለ። እግራቸው ከሳ። ጀርባቸው ቆሰለ። ማንኪያው ሲመጣ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ከግድግዳው በቀር ማንንም አያዩም። በመጨረሻ ፀዳለ እያለቀሰች ደወለች። እማዬ እየሄደች ነው፤ ንስሐ አባቷን ጥራልኝ አለች።

የንስሐ አባታቸው መምሬ ልሳነወርቅ ከሞጆ መጡ። አንድ ሚኒባስ ተሳፍረው እትዬ የሺመቤትም አብረው መጡ፤ ያዋለዱኝን እናት ሳልሰናበት አልቀርም ብለው። ክፍሉ ውስጥ ገቡ። መምሬ ጸሎት አደረሱ፤ ውኃ ረጩ፤ መስቀል አሳለሙ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ፀዳለን እንዴት ሰነበቱ አሏት።

"ደህና ነበረች አባ" አለች ፀዳለ። "እዚህ ከመጣች አንድ ቀንም አላቃሰተች።"

"አንድ ቀንም?"

"አንድ ቀንም።"

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም። እማማ አሰገደችን ትክ ብለው አዩአቸው። እሳቸው የሚያውቋቸው ሴት ዝም የማይሉ፣ የሚከራከሩ፣ ቄሱንም ቢሆን የሚቆጡ ሴት ነበሩ። ታሪኩን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ እንዳወራው ሰምተዋል፤ ዘነበች ስትባረር አይተዋል። ወደ እትዬ የሺመቤት ዞሩ። የበኩር ልጅሽን ስትወልጂ ማን ነበር ያዋለደሽ ብለው ጠየቋቸው። እሳቸው ናቸዋ አባቴ አሉ። ጮኸሽ ነበር አሏቸው። እትዬ የሺመቤት አፍረው ሳቅ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶኛል አሉ።

"ሲያምሽ ጊዜ ታዲያ ልተውሽ አሉሽ?"

"ኧረ ተቆጡኝ እንጂ! ገና ነሽ፣ እንደገና ግፊ አሉኝ። ጨካኝ ናቸው ብዬ ረግሜያቸዋለሁ።"

"ባልሽ በሩን ሰብሮ ገብቶ፣ ከእጃቸው ነጥቆ፣ ፍራሽ ላይ አስተኝቶ ዝም በይ ቢልሽስ ኖሮ?"

እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አልጋው ላይ ያሉትን ሴት አዩ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ ተናገሩ።

"ዘነበችም እንዲሁ ነበር የምትላቸው። አይዞዎት እማማ፣ ይችን ብቻ፣ ከዚያ ለዛሬ ይበቃናል ትላቸው ነበር። ሲጨርሱ አንዳንዴ አብረው ይስቁ ነበር። እሰማቸው ነበር።"

ከመስመር የተመለሰው ልጅየው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። "ይህንን ለምን አልነገሩኝም?" አላቸው።

"አልጠየቅኸኝማ ልጄ" አሉት። "እኔም ማቃሰቱን ስሰማ ሳቁን ከምንም አልቆጠርኩትም።"

ሰማችሁ? ጆሯቸው ሁለቱንም ሰምቷል፤ አፋቸው ግን አንዱን ብቻ አደረሰ። ዋሹ? አልዋሹም። እኛስ? ስለ ጎረቤታችን ከምናወራው ውስጥ ስንቱ ነው እውነት ሆኖ ሳለ ግማሽ የሆነው? ማቃሰቱን አድርሰን ሳቁን ያስቀረንበት ቤት ስንት ነው?

አሁን ወደዚያች ቃል ልመልሳችሁ። ጣር ማለት ጭንቅ፣ ሥቃይ ነው አልኳችሁ። ሐሰት አይደለም። ግን ይህች ቃል ሌላ ቤትም አላት። ጣረ ማለት ለፋ፣ ደከመ፣ ታገለ ማለትም ነው። "ጥሮ ግሮ የሚያድር" የምትሉት ሰው ማን ነው? የምታከብሩት ሰው ነው። ልጃችሁን ለፈተና ስትልኩት "ጥረት አድርግ" ትሉታላችሁ። ኑሮው የከበደውን "ይጣጣራል" ትላላችሁ። ጣርና ጥረትን መምህራን ከአንድ ሥር ይቆጥሯቸዋል። አንዷ ቃል ናት፤ አልጋ ላይ ላለ ሰው ስንላት እናለቅሳለን፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው ስንላት እናመሰግናለን።

ድምፁስ? ከባድ ድንጋይ ከመሬት የሚያላቅቅ ሰው እንዴት ያቃስታል? ሊሞት ያለ ሰውስ እንዴት ያቃስታል? ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙ ትለዩታላችሁ? እኔ አልለይም። ከበር ማዶ ሆኖ የሚለይ ሰውም አላየሁም። ምጥ ከውጭ ሲሰማ ሞት ይመስላል። ለመለየት መግባት ያስፈልጋል።

ሰውየው በዚያው ዕለት መቂ ሄደ፤ የዘነበች ወንድም ቤት። እሷ ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሲያያት መንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋው። አጥፍቻለሁ አላት። ሌላም ብዙ አላት። ዘነበች ልብሱን አስጥታ እስክትጨርስ አልመለሰችለትም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል?"

"ተጨብጧል።"

ፊቷን አዞረች። በእሷ እጅ ሳሉ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ተከፍቶ ነበር፤ ያን ለልጃቸው ሊያሳዩ እማማ ራሳቸው ቀን ይጠብቁ ነበር። በሩንም የምዘጋው እሳቸው ስላሉኝ ነው አለችው፤ ሰው ስወድቅ እንዳያየኝ ለማለት በግራ እጃቸው ወደ በሩና ወደ መጋረጃው ያሳዩኝ ነበር። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ነጠላዋን አነሣች።

"የምመጣው ለእሳቸው ነው" አለችው። "የእኔና የአንተን ሌላ ቀን እንነጋገራለን።"

ቢሾፍቱ ሲደርሱ እማማ አሰገደች እንደተለመደው ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነበር። ዘነበች "እማማ" አለቻቸው። አልዞሩም። እጇን ታጠበች፤ ትራሶቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ዓይናቸውን ከፈቱ። አላቀፈቻቸውም፤ አላለቀሰችም። "ብዙ ቀን ቦዘንን" አለቻቸው። "ይነሡ እስቲ።" ባሏንም ከኋላ ሆኖ እንዲይዛቸው ነገረችው።

ያ ድምፅ ከሆዳቸው ሥር ወጣ። ፀዳለ ጆሮዋን ይዛ ከክፍሉ ወጣች። ሰውየው ግን መውጣት አልቻለም፤ የእናቱ ጀርባ ደረቱ ላይ ነው። ከበር ማዶ ሞት መስሎት የሰማው ነገር አሁን በክንዶቹ መካከል ነበር፤ እያንዳንዱ ጅማት ሲሳብ፣ አጥንቱ አጥንቱን ሲፈልግ፣ ትንፋሹ ተሰብስቦ ወደ አንዲት ጉልበት ሲወርድ ተሰማው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ብርታት ነክቶ አያውቅም። ፈራ። ይወድቁብኛል ብሎ ሙሉ ክብደታቸውን ሊሸከም ሞከረ።

ያን ጊዜ ከተጣመመው አፋቸው አንዲት ቃል ወጣች።

"ተው።"

ከወደቁባት ጠዋት ጀምሮ የተናገሯት የመጀመሪያዋ ቃል ናት። ለልጃቸው እንዲህ ማለታቸው ነበር፦ ተው፤ እኔ ልነሣ።

እማማ አሰገደች አልሞቱም። ከብዙ ወራት በኋላ ምርኩዝ ይዘው ከአልጋቸው እስከ ደጃፋቸው መሄድ ቻሉ። ለልደታ በዓል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ተቀምጠው አስቀድሰዋል። ቀኝ እጃቸው ግን አልተከፈተም። ባለሙያዋ ያመለጠው ጊዜ አመለጠ አለች። ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ጥርጣሬ ይቅር ሲባል እንኳ የወሰደውን ሁሉ አይመልስም። ባልና ሚስቱም ተነጋግረው ታርቀዋል፤ ይኖራሉ። ብቻ እሱ መንገድ ላይ ሆኖ ሲደውል፣ እሷ "ቆይቼ ልደውልልህ" ስትለው፣ ለረጅም ጊዜ ሁለቱም ስልኩን ወዲያው አይዘጉትም ነበር።

ምዕመናን፣ ጌታችን በዚያች በአትክልቱ ስፍራ ሲጣጣር ላቡ ወደ ምድር ይወርድ ነበር። ያ ጣር ነበር ወይስ ጥረት? ሁለቱም ነበር። ለእኛ መዳን እየታገለ ነበር። ወዳጆቹስ? ርቀው አልነበሩም፤ ድምፅ በሚሰማበት ቦታ ነበሩ። ከእኔ ጋር ትጉ አላቸው እንጂ ጣሬን ውሰዱልኝ አላላቸውም።

እናንተ ዛሬ ስትመለሱ በየቤታችሁ ግድግዳ ማዶ የሚያቃስት አለ። ትዳሩን ሊያቆም የሚጣጣር አለ። ከመጠጥ ሊላቀቅ በሩን ዘግቶ የሚታገል አለ። ልጇን ጠበቅ አድርጋ የምታሳድግ፣ ሰፈሩ "ጨካኝ" የሚላት እናት አለች። እናንተ ምን ትሰማላችሁ? የሰማችሁትን ደግሞ ለማን ታደርሱታላችሁ?

ተጠንቀቁ፤ ጩኸት ስትሰሙ ዝም በሉ አላልኩም። በተዘጋ በር ጀርባ እውነተኛ በደል አለ፤ የሚደበደቡ አሉ፤ የሚራቡ አሉ። ዝም ያለ ጎረቤት ስንት ሰው አስገድሏል! መጠርጠር ኃጢአት ነው አልልም። በር ላይ ቆሞ መቅረት ነው ኃጢአቱ። ጆሮን አስገብቶ እግርን ማስቀረት ነው። በስልክ "እግዜር ይወቅ" ብሎ መዝጋት ነው። ገፍቶ መግባትም አይበቃም፤ ይህ ሰው ገፍቶ ገብቶ ነበር፤ የገባው ግን ሊፈርድ ነው።

የሚያቃስተውን ሁሉ የሚሰማ፣ የትኛው ምጥ የትኛው ሞት እንደሆነ የሚለይ አምላክ ጆሯችንን ያቅናልን። ማቃሰቱን ስትሰሙ ሂዱና አንኳኩ። በሩ ሲከፈትላችሁም እጃችሁን አጣጥፋችሁ "ምን ተፈጠረ?" አትበሉ። ነጠላችሁን ሰብሰብ አድርጉና "በየት በኩል ልያዝ?" በሉ።